ለማያዩት ሐኪም መጻፍ፦ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የደብዳቤ ሕክምና

በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤድንብራ፣ የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ በሚባለው የቆየ የሙያ ማኅበር ቤተ መዛግብት ውስጥ፣ ዊልያም ከለን የተባለ ሐኪም የተቀበላቸውና የጻፋቸው ከ5,000 በላይ ደብዳቤዎች ይገኛሉ። ከለን የኖረው ከ1710 እስከ 1790 ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደብዳቤዎቹን ፎቶ አንሥተው፣ ጽሑፋቸውንም ገልብጠው፣ ማንም ሰው በኢንተርኔት በነጻ እንዲያነባቸው አድርገዋል። እኔም ሥራ በማይበዛብኝ ምሽት ወደዚያ መዝገብ እየገባሁ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ በፊት የሞቱ ሰዎችን ሪህ፣ የሆድ ሕመም፣ ሳልና የእንቅልፍ እጦት ማንበብ ልማድ ሆኖብኛል።

ስለዚህ ነገር ለሰው ሳወራ የሚመጣልኝ መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ደብዳቤ ሐኪም በአጠገቡ ያጣ ሰው የሚሞክረው የመጨረሻ አማራጭ ሳይሆን እንዳልቀረ ይገምታሉ። መዝገቡ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ለከለን ይጽፉ ከነበሩት ብዙዎቹ በአቅራቢያቸው ሐኪም ነበራቸው፤ አንዳንዴም ደብዳቤውን የሚጽፈው ያው የአካባቢያቸው ሐኪም ነበር። ከዚህም አልፎ፣ በዚያ ዘመን የሕክምና እውቀት በደንብ የተጻፈ ደብዳቤ ሙሉ ምርመራ ለመባል የሚጎድለው ጥቂት ነገር ብቻ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን ለመረዳት የዚያ ዘመን ሐኪም ታማሚው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ እንኳ ምን ያደርግ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል።

በዚያን ጊዜ በዩኒቨርሲቲ የተማረ ሐኪም ከሁሉ በፊት አድማጭ ነበር። ሰውነትን በእጅ መንካት፣ ቁስል መክፈትና አጥንት መጠገን የቀዶ ጥገና ባለሙያው ድርሻ ሲሆን፣ መድኃኒት መደባለቅና መሸጥ ደግሞ የመድኃኒት ቀማሚው ሥራ ነበር። ሐኪሙ የእጅ ትርታ ይይዛል፣ ምላስ ያያል፣ የሽንትን መልክ ይመለከታል፤ ከዚያ ያለፈውን ሁሉ የሚያገኘው ግን ከታማሚው አፍ ነው። ደረትን የሚያዳምጥበት መሣሪያ አልነበረውም፤ ስቴቶስኮፕ የተፈጠረው በ1816 ነው። በታማሚ አልጋ አጠገብ የሙቀት መለኪያ መጠቀም የተለመደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በሽታ የሚታወቀው በታሪኩ ነበር፤ መቼ እንደጀመረ፣ ከምን በኋላ እንደመጣ፣ ታማሚው ምን እንደሚበላና እንደሚጠጣ፣ እንዴት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚያሳዝነው፣ ከዚህ ቀደም የትኛው መድኃኒት እንደተስማማውና የትኛው እንዳልተስማማው። እነዚህ ሁሉ በወረቀት ላይ ሊሰፍሩ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። ትርታውን ደግሞ የአካባቢው ባለሙያ ቆጥሮ ይጽፈዋል።

ዛሬ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ለሚኖር ሐኪም ዘመዱ በቴሌግራም ምክር የሚጠይቅ ሰው በቅድሚያ የሚልከው የላቦራቶሪ ውጤቱን ወይም የራጅ ፎቶውን ነው፤ ስለ ራሱ የሚናገረው ከአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት አይበልጥም። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ታማሚ የሚልከው ውጤት ስላልነበረው መላክ የሚችለው የራሱን ትረካ ብቻ ነበር፤ ስለዚህም ትረካውን ተጠንቅቆ ያዘጋጅ ነበር።

ከለን ለዚህ ሥራ በብዙ መንገድ የተመቸ ሰው ነበር። በ1747 በግላስጎ ኬሚስትሪ ማስተማር ጀመረ፤ በ1755 ደግሞ ለኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመርጦ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ድረስ በዚያ የሕክምና ትምህርት ቤት ትልቁ ስም የእሱ ሆነ። ከብሪታንያ፣ ከአየርላንድና ከአሜሪካ የሚመጡ ወጣቶች ከእሱ ተምረው ወደየአገራቸው ይመለሱ ነበር፤ በኋላ የአሜሪካን የነጻነት ሰነድ የፈረመው ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ ከእነዚህ ተማሪዎች አንዱ ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪ በሚሠራበት ከተማ የሚያስቸግር ታማሚ ሲገጥመው ለመምህሩ መጻፉ የተለመደ ነበር። በዚህ ምክንያት ከለን ኤድንብራን ሳይለቅ የብዙ አገር ሐኪም ሆነ።

መዝገቡ እንዲህ የተሟላበት ሌላ ምክንያት አለ፤ ይህን ምክንያት ለብቻው እወደዋለሁ። በእንፋሎት ሞተር የምናውቀው ጄምስ ዋት በ1780 የደብዳቤ መገልበጫ መሣሪያ የፈጠራ መብት አገኘ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቀለሙ ገና ያልደረቀ ደብዳቤ ላይ ስስና እርጥብ ወረቀት ተደርጎ በማተሚያ ሲጫን፣ ጥቂቱ ቀለም ወደ ስሱ ወረቀት ይዛወራል። ጽሑፉ የተገለበጠ ሆኖ ስለሚታተም በወረቀቱ ስስነት ሳቢያ ከጀርባው በኩል ይነበባል። ከለን በ1781 ይህን መሣሪያ መጠቀም ጀመረ፤ ከዚያ በፊት የመልሶቹን ቅጂ በእጅ የሚገለብጥ ጸሐፊ ነበረው። ከሌሎች ታላላቅ ሐኪሞች ዘንድ በብዛት የተረፉት የታማሚዎች ደብዳቤዎች ብቻ ስለሆኑ የሐኪሙን መልስ በግምት መሙላት ግድ ይላል። ከከለን ዘንድ ግን ጥያቄውም መልሱም አለ።

ታማሚው ሌላ ሐኪም እያለው፣ በሌላ ሰው እጅ ለብዙ ባለሙያዎች በአንድ ጊዜ የተጻፈ ደብዳቤ ምን እንደሚመስል ለማሳየት የሳሙኤል ጆንሰንን ጉዳይ ማንሣት እፈልጋለሁ። የታወቀው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ጆንሰን በጁን 1783 ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ራሱን ግራ ሲያጋባው ነቃ። አእምሮው መነካት አለመነካቱን ለመፈተን ብሎ በላቲን ግጥም ጸሎት ገጠመ። ግጥሙ ጥሩ እንዳልነበር፣ ጥሩ አለመሆኑን ግን እንዳወቀ በኋላ ሲጽፍ፣ ይህንኑ የአእምሮው ጤንነት ማስረጃ አድርጎ ቆጠረው። ቀጥሎ ግን መናገር አቃተው። ምላሱን ይፈታልኝ እንደሆነ ብሎ ወይን ጠጣ፤ ይህም አልረዳውም። ሲነጋ የቀረው መንገድ መጻፍ ነበር። የመናገር ኃይሉን እንዳጣ ገልጾ ሐኪሞች እንዲጠሩለት ለጎረቤቱ አጭር ደብዳቤ ጻፈ፤ ሲጽፍም እጁ እንዴትና ለምን እንደሆነ ሳያውቅ የተሳሳቱ ፊደላት ይሠራ እንደነበር ራሱ መዝግቧል። የዛሬ የነርቭ ሐኪም ይህን ሲያነብ የንግግር ማዕከልን የነካ ስትሮክ ምልክቶችን በቅደም ተከተል ያገኛል። ጆንሰን ሳያስበው የጻፈው ከማንኛውም የዘመኑ ምርመራ የበለጠ ትክክለኛ ነበር።

ንግግሩ በቀናት ውስጥ ተመለሰ፤ በቀጣዩ ክረምት ግን አስምና የሰውነት ውኃ መቋጠር አልጋ ላይ አዋሉት። በኤድንብራ የሚኖረው ወዳጁ ጠበቃው ጄምስ ቦዝዌል ከጆንሰን በደረሰው ደብዳቤ የአገርህን ሐኪሞች ስለ እኔ ጠይቅልኝ የሚል ቃል ስላገኘ፣ በማርች 7 ቀን 1784 ለሦስት የኤድንብራ ፕሮፌሰሮች፣ ለከለን፣ ለሆፕና ለሞንሮ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት ደብዳቤ ላከ። የደብዳቤው አሠራር ለዘመኑ ምሳሌ የሚሆን ነው። ታማሚው 74 ዓመቱ እንደሆነ፣ ባለፈው በጋ ሽባ የሚያደርግ ሕመም ይዞት ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ እንደዳነ፣ ከዚያ በፊትም ሳል ያስቸግረው እንደነበር፣ በዚህ ክረምት በአስም ምክንያት ሦስት ወር ያህል ከቤት እንዳልወጣ በቅደም ተከተል ይናገራል። ቀጥሎ የለንደኑ ሐኪም ብሮክልስቢ የጻፈለትን ይጠቅሳል፤ ጥቂት ብርድ እንኳ ሲነካው ደረቱ ይጨመቃል፣ ተኝቶ ማደር ስለማይችል ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ያነጋል፣ እንቅልፍ የሚያገኘው በላውዳነም፣ ማለትም በአልኮል በተዘጋጀ ኦፒየም፣ እና በፖፒ ሽሮፕ ብቻ ነው፣ እግሮቹና ጭኖቹም አብጠዋል። በመጨረሻ የታማሚው የራሱ አስተያየት ይመጣል፤ ሞቃት አገር ቢሄድ የሚሻለው ይመስለዋል፣ አሁን ደግሞ የባሕር ሽንኩርት ከሚባለው ተክል የተዘጋጀ ኮምጣጤ እየወሰደ ነው።

በአንድ ገጽ ውስጥ ሦስት ምስክሮች አሉ፤ ወዳጁ፣ የቅርብ ሐኪሙና ታማሚው ራሱ። የልብ ድካም ያለበት ሰው ለምን ተኝቶ መተንፈስ እንደሚያቅተው በዚያን ጊዜ ማንም አያውቅም ነበር፤ ምልክቱ ግን ሳይዛነፍ ተጽፏል። ቦዝዌል ስለ ክፍያም ብልሃት አልጎደለውም። ይህ መደበኛ የምክር ጥያቄ ለመባል በቂ ሥልጣን እንደሌለው አምኖ፣ ጆንሰን ቀደም ሲል ሐኪሞች ትርፍ በሌለበትም ቦታ ለመርዳት እንደማያመነቱ አመስግኖ መጻፉን አስታወሳቸው፤ በዚህ ዓይነት የተመሰገነ ሰው ገንዘብ መጠየቅ አይችልም። ሐኪሞቹም በአክብሮት መለሱ። ጆንሰን ግን ያንን ዓመት አልተሻገረም፤ በዲሴምበር 13 ቀን 1784 አረፈ።

መጻፍ ለጆንሰንና ለቦዝዌል የለመዱት ሥራ ነበር። ሌላው ሰው ምን መጻፍ እንዳለበት የሚያስተምረው ይፈልግ ነበርና ይህን ሥራ ከማንም በላይ የሠራው የሎዛኑ ስዊዘርላንዳዊ ሐኪም ሳሙኤል ኦጉስት ቲሶ ነው። ቲሶ በ1761 ስለ ጤና ለሕዝብ የሚመክር መጽሐፍ በፈረንሳይኛ አሳተመ። መጽሐፉ የተጻፈው ስለ ገበሬዎች ጤና ቢሆንም በቀጥታ የሚናገረው ማንበብ ለሚችሉት ለገጠር ቀሳውስት፣ ለባለርስቶችና ለመምህራን ነበር፤ እነሱ አንብበው ጎረቤቶቻቸውን እንዲረዱ። በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ተተርጉሞ በመላው አህጉር ተነበበ። በውስጡም ሐኪም የሚያማክር ሰው ግድ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ተዘርዝረዋል።

ጥያቄዎቹ ዛሬም የማንኛውም የካርድ ክፍል ቅጽ ላይ ቢገኙ አያስገርሙም። የታማሚው ዕድሜ ስንት ነው? ከዚህ በፊት ጤንነቱ እንዴት ነበር? አኗኗሩስ? ሕመሙ ከጀመረው ምን ያህል ጊዜ ሆነው? እንዴት ጀመረው? ትኩሳት አለው? ትርታው ጠንካራ ነው ወይስ ለስላሳ? ይጠማዋል? አፉ ምን ይለዋል? ይተኛል? ሰገራውና ሽንቱ እንዴት ነው? ምን መድኃኒት ወስዷል? ለሴቶች የወር አበባና የእርግዝና ጥያቄ፣ ለሕፃናት ደግሞ ትክክለኛ ዕድሜያቸው፣ ስንት ጥርስ እንዳበቀሉ፣ ፈንጣጣ ወጥቶባቸው እንደሆነ፣ ትል ይወጣቸው እንደሆነ። ይህ ዝርዝር ከሐኪሙ ሥራ ከፊሉን ወደ ታማሚው ቤት ያስተላልፈዋል። ጥያቄዎቹን የሚመልስ ሰው ቀናት ወስዶ ራሱን መከታተል፣ ቤተሰቡን መጠየቅ፣ የረሳውን ማስታወስ አለበት። ለቲሶ ከተጻፉት ውስጥ ከ1,200 በላይ ደብዳቤዎች በሎዛን ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ፤ ከጸሐፊዎቹም መካከል የቲሶን ጥያቄዎች በተራ እየመለሱ የሄዱ አሉ።

የቲሶ ዝና ግን ሌላ መልክም ነበረው። በ1760 በፈረንሳይኛ ያሳተመው ሌላ መጽሐፍ ግለ ወሲብ አካልንና አእምሮን ያጠፋል የሚል ነበር። ሐሳቡ ስሕተት ነው፤ በዘመኑ ግን እንደ ሳይንስ ተወሰደ። ወንዶች መጽሐፉን አነበቡ፣ ደነገጡ፣ ድካማቸውን፣ የወገብ ሕመማቸውንና የማስታወስ ችግራቸውን ሁሉ ከወጣትነት ልማዳቸው ጋር አያያዙ፣ ከዚያም ለጸሐፊው ለራሱ መናዘዣ ደብዳቤ ላኩ። እዚህ ላይ በደብዳቤ ሕክምና ውስጥ የማልወደውን ነገር አያለሁ። ታማሚው የራሱን ታሪክ የሚናገር ቢመስልም የሚናገረው ከሐኪሙ መጽሐፍ በተዋሰው ቋንቋ ነው፤ ሐኪሙም ደብዳቤዎቹን ለሐሳቡ ማረጋገጫ አድርጎ ይወስዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ከእነዚህ ወንዶች ብዙዎቹ ግን የገለጡት በሽታ አልነበረም።

ይህ ሁሉ የቆመው በፖስታ ላይ ነው። በብሪታንያ እስከ 1840 ድረስ የደብዳቤውን ዋጋ የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ ተቀባዩ ሲሆን፣ ዋጋው በርቀቱና በወረቀቱ ብዛት ይሰላል። ረጅም ታሪክ ያለው ታማሚ ሐኪሙን በገንዘብ የሚጎዳው ሌላ ሳያደርግ ገና ከመጻፉ ነበር ማለት ነው። በ1784 በብሪስቶልና በለንደን መካከል፣ ከዚያም በ1786 እስከ ኤድንብራ የፈጣን ፖስታ ሠረገላ ሲጀመር የጥያቄና የመልስ ጉዞ አጠረ። እንዲህ ያለ መንገድ በሌለበት ግን የሚንቀሳቀሰው ሐኪሙ ራሱ ነበር። ቀዳማዊ ኢያሱ ለራሳቸውና ለልጃቸው ሕመም ሐኪም ሲፈልጉ፣ መልእክተኛቸው ከካይሮ ያገኘው ፈረንሳዊው ፖንሴ በጁን 1698 ተነሥቶ ጎንደር የደረሰው በጁላይ 1699 ነው።

በደብዳቤዎቹ ውስጥ የማን ድምፅ እንደሚሰማም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ባል ስለ ሚስቱ፣ አባት ስለ ልጁ፣ ጌታ ስለ አገልጋዩ፣ የቀዶ ጥገና ባለሙያ ስለ ታማሚው ይጽፋል። ሴቶች ራሳቸው የጻፏቸው ብዙ ናቸው፤ ያም ሆኖ ስለ ወር አበባ ወይም ስለ ማኅፀን የሚናገረው ሌላ ሰው የሆነበት ጊዜም ብዙ ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችለው ገበሬ ቢታመም ታሪኩ የሚደርሰን የቄሱን ቃላት ለብሶ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የጎደለው ድምፅ ብቻ አይደለም፤ አማላጅ የሆነው ሰው ሕመሙን ሲያስተላልፍ እግረ መንገዱን ጠባይም ይፈርዳል፤ ታማሚው እልኸኛ ነው፣ መድኃኒቱን በሥርዓቱ አይወስድም፣ መጠጥ ይወዳል ይላል። ታማሚው ይህ ስለ እሱ መጻፉን ላያውቅ ይችላል።

ታዲያ መልሱ ምን ይል ነበር? ደም ማስወጣት፣ የሚያስታውክና የሚያስቀምጥ መድኃኒት፣ ቆዳን የሚያቃጥል ልጥፍ፣ ኦፒየም፣ ለትኩሳት የሲንኮና ቅርፊት፤ እነዚህ ከኤድንብራ እስከ ጣሊያኗ ፓዶቫ የተለመዱ ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ከበሽታው የከፋ ጉዳት ያደርሱ ነበር። ከለን ግን ገጾቹን አብዛኛውን የሚያውለው በአኗኗር ላይ ነው፤ ሥጋ መቀነስ፣ ጠንካራ መጠጥ መተው፣ በፈረስ መሄድ፣ ሙቅ ልብስ መልበስ፣ በጊዜ መተኛት። በእንግሊዝ ባዝ ከተማ የነበረው ሐኪም ጆርጅ ቼይን ከእሱ በፊት በዚሁ መንገድ ሄዷል። ቼይን ራሱ በአንድ ወቅት ክብደቱ ከ200 ኪሎ በላይ ደርሶ በወተትና በአትክልት የቀነሰ ሰው ስለነበር ምክሩን የሚሰጠው ከገዛ አካሉ ነው። የለንደኑ አታሚና ደራሲ ሳሙኤል ሪቻርድሰን ወዳጁም ታማሚውም ነበር፤ ከዴስክ የማይነሣውን ይህን ሰው ቼይን በደብዳቤ ሲመክረው፣ ቤት ውስጥ ሆኖ የፈረስ ግልቢያን በሚያስመስል ባለ ስፕሪንግ ወንበር ላይ እንዲንቀሳቀስ ያዘዋል። እንዲህ ያለው ምክር ቢያንስ አይገድልም፤ ሩቅ ያለ ሐኪም ቢላዋ ይዞ ከቀረበ ባለሙያ ይልቅ የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይመስለኝም።

መልሱ በጽሑፍ መሆኑም ለታማሚው ጥቅም ነበረው። ደግሞ ያነበዋል፣ ለሌላ ሐኪም ያሳየዋል፣ ሁለት ምክሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያመዛዝናል፣ ያልገባውን ጠቅሶ እንደገና ይጠይቃል። ከፋዩ እሱ ስለሆነ ካልተስማማው ይተወዋል። ሐኪሙም ይህን ስለሚያውቅ ትእዛዙን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን ጭምር ያብራራል። ከለን አንድን መድኃኒት ለምን እንደመረጠ፣ ካልሠራ ቀጥሎ ምን እንደሚሞከር በትሕትና ሲያስረዳ ሳነብ፣ በብዙ ሆስፒታሎች ኮሪደር የምናውቀው የአምስት ደቂቃ ቆይታ ያሳፍረኛል።

የዚህ ሥርዓት ማብቂያ የተዘራው ቲሶ መመሪያውን ባሳተመበት በዚያው በ1761 ነው። በዚያው ዓመት በቪየና ሐኪሙ ሊዮፖልድ አወንብሩገር የታማሚን ደረት በጣት እየመቱ ከሚሰጠው ድምፅ የውስጡን ሁኔታ ማወቅ እንደሚቻል የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። በዚያው ዓመት ደግሞ የፓዶቫው አናቶሚስት ጆቫኒ ባቲስታ ሞርጋኒ፣ ዕድሜው 79 ሲሆን፣ በሕይወት ሳሉ የታዩ ምልክቶችን ከሞት በኋላ አስከሬን ሲከፈት ከተገኘው ጉዳት ጋር የሚያገናኝ ሥራውን አሳተመ። በሽታ መቀመጫ አለው፤ መቀመጫውም በአንድ የአካል ክፍል ውስጥ ነው የሚለው ሐሳብ ከዚህ በኋላ እየጠነከረ ሄደ። የሚያስገርመው ሞርጋኒ ራሱ በደብዳቤ ምክር የሚሰጥ ሐኪም መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ታላቁ መጽሐፉም የተደራጀው በ70 ደብዳቤዎች መልክ ነው።

የአወንብሩገርን ዘዴ ለብዙ ዓመታት ብዙ ሰው አላስተዋለውም። በ1808 የናፖሊዮን ሐኪም ኮርቪዛር ወደ ፈረንሳይኛ ሲመልሰው ግን የፓሪስ ሆስፒታሎች ተቀበሉት፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ሐኪም ላኔክ ጥቅል ወረቀት በታማሚ ደረት ላይ አድርጎ አዳመጠ፣ ስቴቶስኮፕም ከዚያ ተገኘ። በጣት የሚመታ ደረትና በጆሮ የሚደመጥ ሳንባ በፖስታ አይላክም። ደብዳቤ በሐኪሞች መካከል መመላለሱን ቀጠለ፤ ለሐኪም በቀጥታ የሚጽፍ ታማሚ ግን የሚያገኘው መልስ፣ ገጽ ሙሉ ምክር መሆኑ እየቀረ፣ መጥተህ ልይህ የሚል እየሆነ ሄደ።